ከገዳሪፍ ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ኮንዶሚኒየም መግዛት፡ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በምሥራቅ ሱዳን የገዳሪፍ ግዛት በሰሊጥና በማሽላ እርሻዎች፣ በከተማዋ ገበያዎችና ከመተማ ዮሐንስ ጋር በሚያዋስነው የገላባት መተላለፊያ ለዓመታት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አገር ቤት ሊያውሉት ሲያስቡ በቅድሚያ ወደ አእምሯቸው የሚመጣው ቤት ነው።

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም ካርቱም ውስጥ የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን የረዥም ጊዜ ሐሳብ ወደ አስቸኳይ ውሳኔ ቀይሮታል። ከካርቱም፣ ኋላም ከጀዚራና ከሰናር የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ጎርፈዋል። የሱዳን ፓውንድ የመግዛት አቅሙን በእጅጉ አጥቷል። በእጅ ያለ ገንዘብ ነገ ምን ሊያወጣ እንደሚችል በማይታወቅበት ሁኔታ "ቢያንስ ቤት ልግዛበት" የሚለው አማራጭ አሳማኝ ሆኖ ይታያል።

በዕጣ የሚተላለፍ አዲስ የጋራ መኖሪያ ቤት ለዚህ ጥድፊያ መልስ አይሆንም። በ2005 ዓ.ም የተመዘገቡ የአዲስ አበባ ቤት ፈላጊዎች ከአሥር ዓመት በላይ ተራ ሲጠብቁ ቆይተዋል። በመሆኑም ከውጭ ሆኖ ቤት የሚፈልግ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ቀደም ሲል ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ወደሚሸጧቸው፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ወዳገለገሉት ኮንዶሚኒየሞች ነው።

ያገለገለ ቤት የራሱ ጥቅም አለው። ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ሰው ኖሮበታል፤ ጉድለቱም በዓይን ይታያል። በአንጻሩ አደጋው የተሰወረ ነው። በሰነዱ፣ በሕንፃውና በነዋሪዎቹ ማኅበር ውስጥ የተቀበረ ችግር ርቆ ለሚገኝ ገዢ በቀላሉ አይገለጥም።

አሮጌዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ከየት መጡ?

በአዲስ አበባ የተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከተማዋን በሚያስተዳድሩበት ወቅት ነው። በቦሌ ገርጂ የተገነቡት የሙከራ ሕንፃዎች ለኋለኞቹ መነሻ ሆኑ። ቀጥሎም ጎተራ፣ ልደታ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬን የመሳሰሉ መንደሮች ተገነቡ። ጎንደርና ባሕር ዳርን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ሕንፃዎች ተሠርተዋል።

የመርሐ ግብሩ ዋና ዓላማ በዝቅተኛ ወጪ ብዙ ቤት መገንባት ነበር። ለዚህም ሲባል አብዛኞቹ ሕንፃዎች ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ብቻ እንዲኖራቸው ተደረገ፤ ይህም የአሳንሰርን ወጪ አስቀርቷል። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ የውስጥ ማጠናቀቂያ ሥራው በአመዛኙ ለዕድለኛው የተተወ ነበር። ስለዚህ በአንድ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን የሚገኙ ሁለት ቤቶች ወለላቸው፣ ወጥ ቤታቸውና የቧንቧ ዝርጋታቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

የክፍያ ሥርዓቱም በሰነዱ ላይ አሻራ ጥሏል። በ20/80 መርሐ ግብር ዕድለኛው 20 በመቶውን ከፍሎ ቀሪውን 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሚያገኘው የረዥም ጊዜ ብድር ይሸፍናል። በኋላ ለዝቅተኛ ገቢ የ10/90፣ የተሻለ ገቢ ላላቸው ደግሞ የ40/60 መርሐ ግብሮች ተጨምረዋል። አንድ ቤት በየትኛው መርሐ ግብር እንደተላለፈ ማወቅ ምን ዓይነት ዕዳና ገደብ ሊኖርበት እንደሚችል ለመገመት ይረዳል።

ገዢው የሚገዛው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም። የኮንዶሚኒየም ገዢ የሚያገኘው የቤቱን ባለቤትነትና በጋራ መጠቀሚያዎቹ ላይ ያለውን ድርሻ ነው።

ይህ የሚመራው በ1995 ዓ.ም በወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 ነው። አዋጁ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ንብረት እንዳለ ያስቀምጣል። አንደኛው በተናጠል የሚያዘው ቤት ነው። ሁለተኛው ጣራውን፣ ደረጃውን፣ ዋና ዋና የውኃና የፍሳሽ መስመሮችን፣ ግቢውንና ሌሎችንም የሚያካትተው የጋራ ንብረት ነው። ስለዚህ ቤቱን ብቻ ነጥሎ መግዛት አይቻልም፤ ከሚያፈሰው ጣራና ከሚዘጋው ፍሳሽ የሚደርሰውም ድርሻ አብሮ ይገዛል።

ማን መግዛት ይችላል የሚለው ጥያቄ በገዳሪፍ የተለየ ክብደት አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። በሌላ በኩል በዜግነት ሕጉ መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ስለዚህ በረዥም የሱዳን ኑሮ ዜግነት የቀየረ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ማግኘት ይኖርበታል። ይህ መታወቂያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን ጨምሮ በርካታ መብቶችን ያስገኛል። የውጭ ዜጎች ቤት እንዲገዙ በ2017 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ግን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን የሚጠይቅ በመሆኑ ለአብዛኛው ተቀጣሪ ሠራተኛ የታሰበ አይደለም።

ሻጩ በእርግጥ መሸጥ ይችላል?

የቤቱን ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለቤት አይደለም። ባለቤት የሆነም ሁሉ መሸጥ አይችልም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የአምስት ዓመቱን ገደብ ይመለከታል። በመንግሥት መርሐ ግብር በዕጣ የተላለፈ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ ይጣልበታል። ገደቡ ሳያበቃ ለመሸጥ የሚፈልጉ ሰዎች ሽያጩን ብድር ወይም ስጦታ አስመስለው የሚዋዋሉበት፣ አልያም ለገዢው ውክልና ብቻ ሰጥተው ቤቱን የሚያስረክቡበት ልማድ አለ። በዚህ መንገድ የገዛ ሰው ለዓመታት ቤቱ ውስጥ ቢኖርም በሕግ ፊት ባለቤት አይደለም። ሻጩ ቢሞት፣ ቢፋታ ወይም ሐሳቡን ቢቀይር ገዢው የሚመካበት ሰነድ አይኖረውም።

ሁለተኛው የባንክ ዕዳ ነው። የ20/80 ቤት ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ለባንኩ መያዣ ነው። ዕዳው አልቆ ባንኩ መያዣውን መልቀቁ፣ ካላለቀም በባንኩ ዕውቅና ወደ ገዢው የሚዛወርበት መንገድ መኖሩ መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው የትዳር ጉዳይ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ድርጊቱን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። በመሆኑም ሻጩ "ያላገባሁ ነኝ" ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ የጋብቻ ሁኔታውን የሚገልጽ ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አራተኛው ውርስ ነው። የመጀመሪያዎቹ መንደሮች ዕድለኞች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ወራሾች ሲሸጡ ሁሉም መፈረማቸው፣ የወራሽነት ማስረጃቸው በፍርድ ቤት መረጋገጡና ካርታው በስማቸው መዛወሩ ሊታይ ይገባል።

እነዚህን ሁሉ ለማጣራት የባለቤትነት ማረጋገጫውን ፎቶ በስልክ ተቀብሎ ማየት አይበቃም። ቤቱ በሚገኝበት ክፍለ ከተማ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካለው ማኅደር ጋር መመሳከር አለበት። ቤቱ ከዕዳና ከፍርድ ቤት ዕገዳ ነፃ መሆኑም በጽሑፍ መረጋገጥ ይኖርበታል። ማስረጃው በቅርብ የወጣ መሆን አለበት፤ ከወራት በፊት ነፃ የነበረ ቤት ዛሬ ሊታገድ ይችላልና።

ከገዳሪፍ የሚሰጥ ውክልና

ገዳሪፍ ያለ ገዢ አዲስ አበባ ሄዶ መፈረም ካልቻለ ሌላ ሰው እንዲፈርምለት ይወክላል። የቅርብ ዘመድን ማመን የተለመደ ነው። ሆኖም የውክልናው ቃል ልቅ ከሆነ ታማኝ ዘመድም ቢሆን ለክርክር ሊዳረግ ይችላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ወኪል የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። ይህ በሁለት በኩል ይሠራል። ሻጩ በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መፍቀዱ ይታያል። ገዢው ደግሞ ወኪሉ እንዲገዛለት ሲወክል ቤቱ በወካዩ ስም እንዲመዘገብ በግልጽ ማስጻፍ፣ የመሸጥና በመያዣ የማስያዝ ሥልጣን ግን አለመስጠት ይኖርበታል። "ስለ እኔ ሆኖ ማናቸውንም ነገር እንዲያደርግ" የሚል ጥቅል ውክልና በአንድ ወረቀት ቤት ያስገኛል፤ በዚያው ወረቀት ሊያሳጣም ይችላል።

ውክልና በወካዩም ሆነ በተወካዩ ሞት ይቋረጣል። ወካዩም በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ የሻጩ ውክልና የቆየ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩና ውክልናው አለመሻሩ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት መጣራት አለበት።

ኢትዮጵያ በገዳሪፍ የቆንስላ ጽሕፈት ቤት አላት። በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ቀርቦ የሚሰጠው ውክልና አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ከጦርነቱ ወዲህ የጉዞና የአገልግሎት ሁኔታ ተለዋዋጭ በመሆኑ ቀጠሮና የሚያስፈልጉ ሰነዶችን አስቀድሞ መጠየቅ ይመከራል።

በኡም ራኩባ፣ በቱነይድባና በሌሎች መጠለያዎች ላሉ ስደተኞች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ከአገሩ መንግሥት ጥበቃ ሸሽቶ የወጣ ሰው ወደ ቆንስላ መሄዱ በስደተኝነት ደረጃው ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። የ1951 (እ.አ.አ.) የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 25 በዚህ ዓይነት ሁኔታ የአስጠጊው አገር ባለሥልጣናት ወይም ዓለም አቀፍ አካል አስተዳደራዊ ድጋፍ እንዲሰጡ ይጠይቃል። ስለዚህ ስደተኛ የሆነ ሰው ማንኛውንም እርምጃ ከመውሰዱ በፊት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንን ወይም የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማትን ማማከር ይኖርበታል።

ውሉ፣ ቀብዱና እውነተኛው ዋጋ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። በደላላ ቤት፣ በምስክሮች ፊት የተጻፈ ወረቀት ይህን አይተካም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ባለቤትነት የሚተላለፈው ስሙ በመዝገብ ሲዛወር ነው። በውልና በስም ዝውውር መካከል ያለው ጊዜ ለገዢው እጅግ አደገኛው ነው፤ አንድ ቤት ለሁለት ሰው የሚሸጠውም በዚህ ክፍተት ነው።

ቀብድ መስጠት የተለመደ ነው። በሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ነገር ግን ሰነዱ ሳይጣራ የተሰጠ ቀብድ ገዢውን ያጣድፈዋል። ገንዘቡ እንዳይቀርበት ሲል ያየውን ችግር እንዳላየ ያልፈዋል።

ሌላው ወጥመድ በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ነው። ግብርና ክፍያ ለመቀነስ ሻጭና ገዢ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ የሚጽፉበት ጊዜ አለ። ውሉ በኋላ ቢፈርስ ገዢው "የከፈልኩት ይመለስልኝ" ሲል በእጁ ያለው ማስረጃ ያ ያነሰ ቁጥር ብቻ ነው። በግብር የዳነው ገንዘብ ከጠፋው ጋር አይወዳደርም።

ወጪዎቹንም አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር የጣለ ሲሆን፣ ከፋዩ ሻጩ ነው። የቴምብር ቀረጥ ደግሞ 2 በመቶ ሆኖ የተደነገገ ነው። በገበያው ልማድ ግን ሻጮች "ሁሉንም ወጪ ገዢው ይሸፍን" ሲሉ ይሰማል። ስለዚህ ማን ምን እንደሚከፍል በውሉ ካልተጻፈ የተስማሙበት ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይሆንም።

ሕንፃውን ማን ይመርምረው?

ከሰነዱ ቀጥሎ የሕንፃው ጤና ይመጣል። በባለአራት ፎቅ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ከጣራ ለሚወርድ ፍሳሽ፣ ምድር ቤት ደግሞ ለሚዘጋ የቆሻሻ ውኃ መስመር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በፈረቃ የሚመጣው ውኃ ላይኛው ፎቅ ስለመድረሱ ጎረቤት ይጠየቃል። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው የራሱ መሆኑና ያልተከፈለ ሒሳብ አለመኖሩ ይጣራል። ቤቱ ለአረጋውያን ወላጆች የሚገዛ ከሆነ አሳንሰር የሌለው አራተኛ ፎቅ ከዋጋው ርካሽነት በላይ ሊታሰብበት ይገባል።

የፈረሰ ግድግዳ ሌላው ምልክት ነው። ክፍል ለማስፋት ሲባል የተነካ አምድ ወይም ምሰሶ ካለ አደጋው የዚያ ቤት ብቻ አይደለም፤ የሕንፃው ሁሉ ነው። በ2017 ዓ.ም በአፋር ክልል በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ነዋሪዎች ከፎቅ ወርደው ሜዳ ላይ እንዲቆሙ አድርጓል። ያ ክስተት አሮጌ ሕንፃ በምን ዓይነት የግንባታ መመዘኛ እንደተሠራ የመጠየቅን አስፈላጊነት አሳይቷል። ስለዚህ ለአንድ ሲቪል መሐንዲስ የሚከፈል የምርመራ ዋጋ እንደ ብክነት መታየት የለበትም።

ጃፓን ምን ታስተምራለች?

ያገለገሉ የጋራ ሕንፃ ቤቶች በስፋት በሚሸጡባት ጃፓን ገዢው በቅድሚያ የሚጠይቀው ሕንፃው የተፈቀደበትን ዓመት ነው። በ1981 (እ.አ.አ.) ሰኔ ወር ሥራ ላይ የዋለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዘኛ እንደ ድንበር ይቆጠራል። ከዚያ በፊት የተፈቀዱት "በአሮጌው መመዘኛ" ይባላሉ፤ ለብድርም ሆነ ለሽያጭ ይከብዳሉ። ዕድሜያቸው 40 ዓመት ያለፈ ቤቶች በአገሪቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ከዚያ ሥርዓት ሦስት ነገሮች ለኢትዮጵያ ገዢ ትምህርት ይሆናሉ። አንደኛ፣ የጃፓን ደላላ ፈቃድ ያለው ሲሆን ውል ከመፈረሙ በፊት የቤቱን ሕጋዊና ቁሳዊ ሁኔታ ለገዢው በጽሑፍ የማስረዳት ግዴታ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ ገዢው ራሱ ወይም የቀጠረው ጠበቃ ነው የሚሠራው። ሁለተኛ፣ ነዋሪዎች ለወደፊት ጥገና በየወሩ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ገዢውም የተጠራቀመውን መጠን አይቶ ይወስናል። ሦስተኛ፣ የቀድሞው ባለቤት ያልከፈለው መዋጮ በሕግ ከአዲሱ ባለቤት ሊጠየቅ ይችላል።

በአዲስ አበባም የነዋሪዎች ማኅበር ጥንካሬ ከመንደር መንደር፣ ከሕንፃ ሕንፃ ይለያያል። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የደረጃ መብራትና የፍሳሽ ማስወጫ ሁሉ በመዋጮ የሚሠሩ ናቸው። በመሆኑም የማኅበሩን ሰብሳቢ ማነጋገር፣ ቤቱ ውዝፍ መዋጮ እንደሌለበት ደብዳቤ መጠየቅ፣ ጣራው መቼ እንደተጠገነ መጠየቅ ዋጋ አላቸው። በጋራ ጣራ ሥር ጎረቤትም የግዢው አካል ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይድረስ?

ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም ኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገች ወዲህ በባንክና በትይዩ ገበያው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የቀድሞውን ያህል ሰፊ አይደለም። ይህ በባንክ መላክን ከቀድሞው ይበልጥ አዋጭ ያደርገዋል። ችግሩ ከገዳሪፍ በኩል ነው፤ ጦርነቱ የሱዳንን ባንኮች አገልግሎት ክፉኛ ጎድቷል። ብዙዎች ወደ ሐዋላ ያዘነበሉትም ለዚህ ነው።

ሐዋላ ገንዘቡን ሊያደርስ ይችላል፤ ማስረጃውን ግን አያደርስም። ከማን ወደ ማን፣ ለምን ዓላማ እንደተላከ የሚያሳይ የባንክ ሰነድ የሌለው ገዢ ክርክር ቢነሳ ገንዘቡ የእሱ መሆኑን ማሳየት ይቸግረዋል። በተለይ ክፍያው በወኪሉ ስም ከተፈጸመ "ገንዘቡ የእኔ ነው" የሚለው ክርክር በቤተሰብ መካከል ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ የትኛውንም መንገድ ይከተል፣ ለሻጩ የሚደረገው የመጨረሻ ክፍያ በገዢው ስም ከተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ ቢተላለፍ ይመረጣል።

ቅደም ተከተሉ

ጉዳዩን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ በጥንቃቄ የሚገዛ ሰው የሚከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

• ማኅደሩን ማመሳከር፦ ካርታ፣ የአምስት ዓመት ገደብ፣ የባንክ ዕዳ፣ ዕገዳ።

• ሻጩን ማጣራት፦ መታወቂያ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ወራሾች፣ ውክልና ካለም ሥልጣኑና ሕያውነቱ።

• ሕንፃውን ማስመርመር፦ በመሐንዲስና በጎረቤት።

• የተወሰነና ግልጽ ልዩ ውክልና መላክ፦ ግዢን የሚፈቅድ፣ ሽያጭን የማይፈቅድ።

• ውሉን በእውነተኛ ዋጋ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መፈረም።

• ክፍያውን በደረጃ መፈጸም፦ ጉልህ የሆነው ድርሻ ስም እስኪዛወር እንዲቆይ መስማማት።

ሻጭ ይህን ቅደም ተከተል ሲሰማ "ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው" ሊል ይችላል። እውነትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያመለጠ ቤት በሌላ ይተካል። በእርሻ ወቅቶች፣ በቀን ሥራና በሱቅ ተጠራቅሞ በጦርነት መሀል የተረፈ ገንዘብ ግን በዚያ ዕድሜ ዳግመኛ አይጠራቀምም።